ውሃው ቅርብ ነበር

ራቤል፣ ጥቅምት 22 ቀን 1973

አራስ ሴት ሁለት ሥራ አላት፤ መብላትና መመከር። መብላቱን ችዬዋለሁ። ምክሩ ግን በዛብኝ። የመጣ ጠያቂ ሁሉ ልጄን ጸጋነሽን ከባናው ገለጥ አድርጎ ያይና «ክርስትናዋ መቼ ነው?» ይላል። መቼ እንደሆነ የጠፋው ሰው የለም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ጥር አንድ ይውላል። የሚጠይቁት ስለ ቀኑ አይደለም። ስለ ባሌ ነው።

ባሌ ተርፋሳ ወለጋ ተወልዶ በሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ያደገ መምህር ነው። ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ስንሠለጥን ተዋወቅን፣ ተጋባን፤ መንግሥት ደግሞ ሁለታችንንም ወደ እኔ አገር መደበን። ለእኔ ወደ ቤት መመለስ ነበር፤ ለእሱ ወደ ብርድ መሰደድ። አባቴ ቄስ ኃይለ ኢየሱስ የደብሩ አለቃ ናቸው። ጣጣው ይኸው ነው።

የሚያስቀው ግን ሁለቱ መዋደዳቸው ነው። አባዬ ተርፋሳ የሚለው ስም አፋቸው አልገባ ብሎ «ተረፈ» ይሉታል፤ እሱም «አቤት አባ» ይላል። ዛሬ ሊጠይቁኝ መጥተው ገና ሳይቀመጡ ጀመሩት።

«ስማ ተረፈ፤ ያ ሉተር የምትለው ሰው መነኩሴ ነበር አላልከኝም?»

«ነበር አባ።»

«ኋላ ግን አገባ።»

«አገባ።»

«ታዲያ የገዛ ቃሉን ያልጠበቀ ሰው ስለ እግዚአብሔር ቃል ምን ሊያስተምረኝ ነው?»

ተርፋሳ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እሱም የሚለው ይኸንኑ ነው አባ። የሰው ቃል አይታመንም። ጥምቀት እኛ ለእግዚአብሔር የምንገባው ቃል ሳይሆን እሱ ለእኛ የገባው ነው ይላል። ለዚህ ነው ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን የሚጠመቀው» አለ።

አባዬ ጭራቸውን አወዛወዙ። «አመለጥከኝ» አሉ።

ጥቅምት 30

ውርጭ። ተርፋሳ በየማለዳው ፊቱን ሲታጠብ ግንባሩን አማትቦ «ተጠምቄአለሁ» ይላል። «ተጠምቄ ነበር» አይደለም፤ «ተጠምቄአለሁ»። ሰው በየቀኑ በውሃው ሞቶ በየቀኑ ይነሣል፣ አሮጌው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት መስጠም አለበት ይለኛል። ወለጋ ሳለ አሮጌውን ሰውዬ እስከ ወገቡ ይነክረው እንደነበር እገምታለሁ። ወደ ራቤል ከመጣ ወዲህ አፍንጫው ድረስ ብቻ ነው የሚያሰጥመው። ይህን ብዬው ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ፤ ማታ ሲታጠብ ግን አንገቱንም ጨመረ።

ኅዳር 7

ጎረቤቴ ጌታነሽ የጸጋነሽ ክርስትና እናት ልትሆን ቃል ገብታልኛለች። ደግ ሴት ናት፤ የሰማችውን አታስቀርም፤ ያልሰማችውንም አታስቀርም። ዛሬ «ሰዎች ምን ይላሉ መሰለሽ? አባቷ ካላስጠመቃት ልጅቱ ብትሞት እንኳ ከደብሩ አጸድ አትቀበርም ይላሉ» አለችኝ። በወር ሕፃን ላይ ሞት የሚያወሩት «ሰዎች» እነማን እንደሆኑ ብጠይቃት ወጡ አረረ ብላ ሄደች።

እውነቱን ልጻፍ። ተርፋሳ እንቢ አላለም። ባለፈው እሑድ ቁጭ ብለን ስንነጋገር «አባትሽ ያጥምቋት። ውሃ አለ፣ የሥላሴ ስም አለ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? የእኛም የእነሱም ጥምቀት አንድ ነው» አለ። የሱ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታለች። ያጠመቁት ቄስ ታስረው የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ከነቀምት የመጣ መምህር ነው የነገረው። ይህን ሲሰማ ወጥቶ እንጨት ፈለጠ። ለሁለት ወር የሚበቃ እንጨት አለን።

እኔ አልተጨነቅሁም።

ኅዳር 16

ተርፋሳ ለመምህራን ሴሚናር ደብረ ብርሃን ሄደ። አባዬ ለተዝካር ወደ ቀየት ሄደዋል። ጾም ገብቷል። ጸጋነሽ ታነጥሳለች።

ኅዳር 19

አሳላት። ጡት አትይዝም። የጤና ረዳቱ ሽሮፕ ሰጠኝ። ደረቷ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። ምነው ቶሎ በወሰድኳት። ምነው።

ኅዳር 20

ተረፈች። ነገ እጽፈዋለሁ።

ኅዳር 23

እንዲህ ነው የሆነው። ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ከንፈሯ ጠቆረ። ጌታነሽ አብራኝ ነበረችና «ቄስ ልጥራ! ሳትጠመቅ እንዳታመልጠን!» ብላ ወጣች። የምትሞት ሕፃን ቀኗን ሳትጠብቅ በካህን እንደምትጠመቅ የቄስ ልጅ ሆኜ አላጣሁትም። ግን አባዬ ቀየት ናቸው፤ ሌላው ቄስ ቤታቸው ከወንዝ ማዶ ነው። ጌታነሽ ደግሞ ስትሮጥም ሰው ካየች ትቆማለች።

ልጄ ክንዴ ላይ ዝም አለች።

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ዳር ነበር። ሙቀቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ላጥባት አስቤ ነበር። አንሥቼ አናቷ ላይ አፈሰስኩ። «ጸጋነሽ፣ በአብ ስም አጠምቅሻለሁ» አልኩ፤ አፈሰስኩ። «በወልድ»፤ አፈሰስኩ። «በመንፈስ ቅዱስ»። ድምፄን አላወቅሁትም። ሦስተኛው ላይ ደንግጣ ተንፈራገጠች፤ የታፈነው አክታ ወጣ፤ ከዚያ ያ ጩኸት! እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

የጤና ረዳቱ «ውሃው አስደንግጧት ደረቷ ተከፈተ» አለኝ። ይሁን። ጌታነሽ ቄሱን ይዛ ስትደርስ ልጅቱ ትጠባለች። ቄሱ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥተው ባርከውን ሄዱ። ስለ ማንቆርቆሪያው ለማንም አልተናገርኩም።

ሴት አጥማቂ! በእኛ ሥርዓት ይህ ጥምቀት አይደለም፤ ሕፃን ማጠብ ነው። ታዲያ ለምን አደረግሁት? ውሃው ቅርብ ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ኅዳር 28

ተርፋሳ ተመለሰ። መታመሟን ሰምቶ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። እንዲያው ለዕውቀት ያህል ጠየቅሁት።

«በእናንተ ዘንድ ቄስ ከሌለና ሰው ሊሞት ከሆነ ማን ያጠምቃል?»

«ማንኛውም ክርስቲያን።»

«ሴትም?»

«ውሃው ሴት ወንድ አይልም።»

«ያጠመቀችው ሴት በደንብ የማታምን ብትሆንስ?»

ጫማውን ማውለቅ ትቶ አየኝ። «ጥምቀቱ በአጥማቂዋ እምነት አይቆምም። የሚያጠምቀው እግዚአብሔር ነው፤ እጇን ነው የተዋሰው። ለምን ጠየቅሽ?»

«ለዕውቀት ነው አልኩህ እኮ» ብዬ ወጡን ላማስል ሄድኩ። ወጡ አልተጣደም ነበር።

ታኅሣሥ 4

ነገርኩት። ምን ላድርግ፤ በየማለዳው «ተጠምቄአለሁ» ባለ ቁጥር ዓይኔ ወደ ማንቆርቆሪያው ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ልጅቱን ከእንቅልፏ አንሥቶ ሳማት። ከዚያ ዘመረላት፤ እናቱ የምትዘምርለትን ነው፤ ወደ አማርኛ የመለሰው ራሱ ነው፦

በውሃና በቃሉ በስሜ ጠራኝ፣
ሳልጠይቀው ቀድሞ የራሱ አደረገኝ።

ዜማው ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ እኛ ዜማ አይዞርም አይወርድም። አባዬ «እንደ ደረቅ በርበሬ ነው» ይሉታል። ለልጅ ማስተኛ ግን ይሆናል፤ እኔም እያንጎራጎርኩት ነው፤ ለማስተኛ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ፊቱን ቋጥሮ «እንግዲህ ጥር አንድ ቀርቷል ማለት ነው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ተጠምቃለች። እንደገና ማጥመቅ እግዚአብሔርን 'አልሠራህም' ማለት ነው።»

«ለአባዬስ ምን ልበላቸው? የማንቆርቆሪያ ክርስቲያን ወለድኩልዎ ልበላቸው?»

ነገሩ ሲታሰብ ያስቃል። ሁለቱም በአንድ ጥምቀት ያምናሉ፤ የማይስማሙት አንዷ የትኛዋ እንደሆነች ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥር አንድ ልጅቱ ከደብሩ ካልቀረበች አባዬ በሕዝቡ ፊት ያፍራሉ። ስለ ተርፋሳም የሚጠረጠረው ሁሉ ማስረጃ ያገኛል፤ በዚህ ዘመን የሱን እምነት የያዘ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ እናውቃለን።

ታኅሣሥ 11

የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈንታ ተርፋሳን ለሰኞ ስብሰባ ጠራው። «መጤ መዝሙር» ሲዘመር ተሰምቷል ተብሎ። የተሰማው የት ነው? እኛ ቤት። የዘመረው ማን ነው? ተርፋሳ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበር።

እኔ ነኝ የዘመርኩት።

ይህን ስነግረው «በአንቺ ዜማ ከሆነ የተሰማው፣ ማን መዝሙር ነው አለው?» ብሎ ቀለደ። እንዳላለቅስ ነው። እኔም እንዳያይ ነው ዘወር ያልኩት።

ታኅሣሥ 12

ነገ። አልበላም፤ እኔም አልበላሁ። ካልሲ ሁለት፣ ሹራብ፣ ሳሙና በከረጢት አድርጎ በር ላይ አስቀመጠ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 13

ሕዝቡ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔም ጸጋነሽን አቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፈንታ ንግግሩን በአብዮቱ ጀምሮ በአብዮቱ ሊጨርስ ሲል መሐል ላይ ተሰናከለ።

«ሃይማኖት ድሮም ማደንዘዣ ነው» አለ። «እግዚአብሔር የለም። ግን ቢኖር ኖሮ ያገራችን እግዚአብሔር ይሆን ነበር እንጂ የባዕድ መዝሙር የሚሰማ አይሆንም!»

አንድ ሽማግሌ «ይኑር ወይስ አይኑር? ቁርጡን ንገረንና ሥራችንን እንሂድ» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ፈንታ ፊቱ ጠቆረ፤ ተናዶ ወደ አባዬ ዞረ።

«ጓድ ቄስ! እርስዎ ይመስክሩ። ይህ ሰው ክርስቲያን ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ካሉ ዛሬውኑ ወደ አውራጃ እንልከዋለን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከአባዬ ጎን የደብሩ ካህናት ተቀምጠዋል። «ነው» ቢሉ ካህናቱ አይለቋቸውም፤ «አይደለም» ቢሉ ባሌ ይወሰዳል። ተርፋሳ እግሩን እያየ ቆሟል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

አባዬ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። አልቸኮሉም፤ በሕይወታቸው ቸኩለው አያውቁም።

«ጠይቄዋለሁ» አሉ። «በሕፃንነቱ በውሃ ተጠምቋል፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠምቋል። ክርስቲያን ነው። ከእሱ ጋር የማልስማማበት ብዙ ነገር አለ። እሱ የእኔና የእሱ ጉዳይ ነው፤ ለቀበሌ አላቀርበውም።» ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ ፈንታ ቀሰሩ። «ጓድ ያልከኝ አንተ ፈንታ፣ አንተንም ያጠመቅሁህ እኔ ነኝ። እጄ ላይ ሸንተህብኛል። ያን ጊዜም አልጣልኩህም፤ ዛሬም አልጥልህም።»

ሳቁ አገሩን አናጋው። የፈንታ እናት ሳይቀሩ ሳቁ። ፈንታ «ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ ታልፏል፤ መዝሙር በይፋ አይሰማ!» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ።

ቤት ስንገባ ተርፋሳ በር ላይ ያለውን ከረጢት ፈትቶ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ መለሳቸው። ሁለቱንም ጥንድ ደርቦ አጠለቀ። ብርድ ነው አለ።

ታኅሣሥ 16

አባዬ እንዲያ ከመሰከሩ በኋላ ልዋሻቸው አልቻልኩም። አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ አገኘኋቸው። ልጅቱን አዝዬ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ንፋሱ ገለባውን ጺማቸው ላይ በትኖታል።

«ስንት ጊዜ አፈሰስሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«በማን ስም?»

ነገርኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ መንሹን አንሥተው ገብሱን ወደ ንፋሱ መበተን ቀጠሉ። እኔም መልስ ሳላገኝ ተመለስኩ። የቄስ ልጅ! ምን ነበረበት ጌታነሽን ብጠብቃት።

ግን አለመጠበቄስ ምን ክፋት ነበረበት?

ታኅሣሥ 22

አባዬ አልመጡም። ሰው ልኬ ነበር፤ «ጾም ነው» አሉ። ጾም ልጅ መጠየቅን ይከለክላል እንዴ?

ታኅሣሥ 26

ዲያቆን ገብረ አማኑኤል ብቻ መጣ። «አለቃ ክርስትናው በቀኑ ነው ብለዋል፤ ይዘጋጁ ብለዋል» አለ።

ለተርፋሳ ነገርኩት። እንዲህ አለ፦ «አባትሽ በሕዝብ ፊት ነፍሴን አተረፉ። እኔ ደግሞ በሕዝብ ፊት አላዋርዳቸውም። እሄዳለሁ፤ ዝም እላለሁ። እግዚአብሔር ዝምታዬን ይረዳልኛል።»

እንዲህ ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። ለምን? ልጅቱ በአግባቡ ልትጠመቅ አይደለም? ማንቆርቆሪያ አያስቀናም እኮ! እንግዲህ አንጀቴ ምን ይፈልጋል?

ታኅሣሥ 29

ገና። ወንዶቹ ሜዳ ወርደው ገና ተጫወቱ። ተርፋሳ ተጋብዞ ገባና ሩሩን ሳይሆን የፈንታን ቅልጥም መታ። ሳያውቅ ነው ይላል። ሕዝቡ ግን አውቆ ነው ብሎ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወዶታል።

ጥር 1

ቀኑ ዓርብ ስለዋለ ድግሱ የጾም ሆነ። ጌታነሽ «ሥጋ የሌለበት ክርስትና!» እያለች ስታማርር ነጋ።

ከወለድኩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ተርፋሳ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ሊገባ አልደፈረም። አባዬ ከውስጥ ሆነው በዚያ ደብሩን በሚያናጋ ድምፃቸው «ተረፈ! የልጅቱ አባት ሌላ አለ እንዴ? ና ግባ!» አሉ። ገባ፤ ከጎኔ ቆመ።

ጌታነሽ ልጅቱን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች፤ ከልቧ ነው የካደችው፤ ጮኻ። ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነች። ገብረ አማኑኤል ውሃውን አቀረበ። አባዬ ጸለዩበት፣ ባረኩት። ከዚያ ጸጋነሽን ራቁቷን ተቀበሉ።

«አጠምቀኪ» የሚለውን ቃል እጠብቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ በስንቱ ሕፃን ላይ ሲሉት! ተርፋሳ ግዕዝ አያውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሷል።

አባዬ ውሃውን አናቷ ላይ አፈሰሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔና ዲያቆኑ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» አሉ። እንደገና አፈሰሱ፤ ያንኑ አሉ። ሦስተኛም አፈሰሱ፤ ያንኑ። በአንዲት ጥምቀት እናምናለን። «አጠምቀኪ» አላሉም።

ገብረ አማኑኤል ቀና ብሎ አያቸው። አባዬም አዩት። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰና ፎጣውን ዘረጋ።

ሜሮኑን ቀቧት፣ ማተቡን አሰሩላት፣ ቆረበች። የጎደላት ሁሉ ተሟላላት። እኔ ወደ ተርፋሳ ጠጋ ብዬ «አላሉትም» አልኩት።

«ምኑን?»

«አጠምቅሻለሁ አላሉም። አንዲት ጥምቀት ነው ያሉት።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ሕዝቡ መምህሩ በክርስትናው ተነክቶ አለቀሰ ብሎ ተደሰተ፤ ጌታነሽ እልል አለች።

ከድግሱ በኋላ ሰው ሲበተን አባዬ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጃቸውን ስሜ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። «ሥርዓቱ እንደዚያ አይልም እኮ አባዬ» አልኩ።

«ሥርዓቱን ከአንቺ አልማርም» አሉ። ቆጣ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ከዚያች ዕለት ጀምሬ ስጸልይበት ቆይቻለሁ። በሞላ ማድጋ ላይ ውሃ አይደፋም። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ጸጋነሽ ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ ፀጉሯ ሜሮን ሜሮን ይሸታል።

«ያን ቀን ስታፈሺባት ፈርተሽ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም ፈርቼ ነበር። እሳሳታለሁ ብዬ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይሰማኛል ብዬ ነው የፈራሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ውሃ ሲያፈሱ የዋሉትን እጆቻቸውን ፀሐዩ ላይ ዘርግተው አዩዋቸው።

«እኔም ዛሬ ለዚሁ ነው የፈራሁት» አሉ።